ቤት ልጠብቅ ብላ የቀረችው

፩

«ቀስ! ቀስ በሉ ልጆች፤ ጠርዙ በሩን እንዳይነካው!»

ይህን ያለው የቤቱ ባለቤት ነው። ያለው ለሌቦቹ ነው።

ሳቁ፣ ግዴለም። ሰፈሩም መጀመሪያ የሳቀው እንዲሁ ነው። ሳቃችሁን ስትጨርሱ እንቀጥላለን።


፪
ነገሩ እንዴት እንደሆነ

ጉለሌ ውስጥ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ በሚጀምርበት ሰፈር፣ ወንድይፍራውና ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ ከማተሚያ ቤት በጡረታ የወጣ፣ እሷ ልብስ ሰፊ። ልጅ አልሰጣቸውም። የሰጣቸው ያቺን ሁለት ክፍል ቤትና ውስጧ ያለውን ዕቃ ነው። ጥሩወርቅም ዕቃዋን የምታየው እንደ ልጅ ነበር፤ አቧራ ሲነካው ያማታል።

የዚያን ዕለት የጎረቤታቸው የሸዋዬ ባል አቶ በዛብህ አርፎ ሰፈሩ እንዳለ ቀብር ወጥቷል። ጥሩወርቅም ቤቷን ቆልፋ፣ ቁልፉን እንደ ሁልጊዜው ከበሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ሥር አኑራ ሄደች። ያቺን ድንጋይ የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ከሰፈር ውጭም የሚያውቃት ነበር ማለት ነው።

ወንድይፍራው ደግሞ የድንኳን ሰው ነው። ማንም ሰው ሲሞት ካስማ የሚመታው፣ አግዳሚ የሚደረድረው እሱ ነው። ለቀስተኛው ሳይመለስ መቀመጫውን ላሰናዳ ብሎ ከመቃብሩ ቀድሞ ሲመጣ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያደገደጉ ሁለት ጎረምሶች የተጠቀለለ ፍራሽ ተሸክመው ከገዛ ግቢው ሲወጡ አገኛቸው።

እናንተ ብትሆኑ ሌባ! ብላችሁ ትጮሃላችሁ። እሱ አልጮኸም። ለምን ይጮሃል? በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት የጎረቤት ፍራሽ ይወጣል፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ መሬት ላይ አይተኛም። ጥሩወርቅ ቁልፉ ያለበትን ነግራ ልካቸው ነው አለ በልቡ። እንዲያውም ደስ አለው፤ ጥሩወርቅ ፍራሽ ስታውስ ፊቷ የሚጠቁር ሴት ነበረች። ጥቅሉ መሐሉ ላይ ሲጎብጥ አየና ጠጋ ብሎ መሐሉን ያዘላቸው።

«ምን አባቱ ነው እንዲህ የከበደው? ድንጋይ ነው እንዴ የጠቀለላችሁበት?»

«የጥጥ ፍራሽ እኮ ነው ጋሼ።»

«እሱስ እውነት ነው፣ የዱሮ ጥጥ ነው። ግን ወዴት ነው የምትወስዱት? ለቅሶ ቤቱ እኮ በዚህ ነው።»

«የገጠር ዘመዶች የሚያድሩት በታች በኩል ነው፤ መኪና ይዘናል።»

እስከ መኪናው አደረሳቸው። ሲጭኑም አብሮ ገፋላቸው። «እግዜር ብድርዎን ይክፈልዎ ጋሼ» ብለው መርቀውት ሄዱ።

ፍራሹ ውስጥ ቴሌቪዥኑና የጥሩወርቅ የስፌት መኪና ነበሩ።


፫
ፖሊስ ጣቢያ የተባለው

ፖሊሱ፦ ሌቦቹን አይተዋቸዋል?

ወንድይፍራው፦ አይቻቸዋለሁ።

ፖሊሱ፦ በቅርብ?

ወንድይፍራው፦ በቅርብ።

ፖሊሱ፦ ምን ያህል ቅርብ?

ጥሩወርቅ፦ ተናገር እንጂ! አሁን ምን ይዘጋሃል?

ወንድይፍራው፦ መሐሉን ይዤ ነበር።

ፖሊሱ፦ የምኑን መሐል?

ጥሩወርቅ፦ የፍራሹን ነዋ! የኔን ፍራሽ! ቤቴን ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው፤ እሱን እሰሩልኝ!

ፖሊሱ እስክሪብቶ የወደቀበት ይመስል ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ። ቶሎም አልተነሳም። ጥሩወርቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው።


፬
ሳቅ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ጥሩወርቅ ሰፈሩ በስፌት መኪናዋ ያዘነላት መስሏት ነበር።

የሸዋዬ ባል ሣልስት ዕለት ልታስተዛዝን ሄዳ ወደ ድንኳኑ ስትጠጋ፣ አንዱ ከውስጥ «ወንድይፍራው መሐሉን ካልያዘ ዕቃ ከቤት አይወጣም!» ሲል ሰማች። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ወንድይፍራው ራሱ ከመሐላቸው ተቀምጦ ይስቃል። ሸዋዬም ሳቀች። ባሏን ከትናንት ወዲያ የቀበረች ሴት፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወንድይፍራው በደስታ ነው የሚራመደው።

«አየሻት ሸዋዬን? በዛብህ ከሞተ ጥርሷን ያየሁት ዛሬ ነው። ለዚህስ ቴሌቪዥኑ ይሂድ!»

«ቴሌቪዥኑ ያንተ ብቻ ነው?»

«መኪናሽን እንገዛዋለን ጥሩዬ። እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርስ ያውቃል፤ የማታውቀው አንተ ነህ። እኔ እንጀራዬን ተሰርቄ ነው እነሱ የሚስቁት! ከእንግዲህ ቤቴን የምጠብቀው እኔው ራሴ ነኝ። ከማንም ምንም አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ልመስክርላት። ያ ሳቅ ያማል። አንድ ሰው እንኳ «ጥሩወርቅ፣ በምን ልትሰፊ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም። ሳቁ ክፋት እንዳልነበረበት እናውቃለን፤ የተሳቀበት ሰው ግን እሱን የሚያጣራበት ልብ የለውም።


፭
ቤትዎን ከሌባ ለመጠበቅ

ድንጋይዋን ከበሩ አጠገብ አንስተው ወንዝ ውስጥ ይጣሏት። ቁልፉን አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። ከማተብዎ ጋር ቢጠላለፍም ይቻሉት።

ይዝጉ።

የቆርቆሮውን በር አንስተው የብረት ያስገጥሙ። በያጁ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ለባንክ የሚሆን ነው» ቢልዎ ዝም ብለው ያሠሩት። በሩ ላይ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ያስበጁ፤ እርስዎ የሚያዩባት፣ ሌላው የማያይዎት።

ይዝጉ።

አጥሩ ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የጠርሙስ ስባሪ ይትከሉ። የጎረቤት ድመት ከዚያ በኋላ አትመጣም። ይወዷት ከነበረ ይርሷት።

ይዝጉ።

ውሻ ያምጡ። ስሙን ኮማንደር ይበሉት። ሰው እንዳይለምድ ቀን ቀን ጓሮ አስረው ያውሉት። በሩ ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ብለው በቀይ ቀለም ያስጽፉ።

ይዝጉ።

ማታ ከውስጥ በጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን ፍራሽዎ ሥር ይደብቁ። እላዩ ላይ ይተኙበት። ከዚያ ይጠብቁ።


፮
ሕመሟ

ቁጥር ያበዛሁት ያለ ነገር አይደለም። ይቺ ሴት ሁሉን በየክፍሉ ቆልፋ ነው የኖረችው፤ ታሪኳም እንደሷ ነው፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመግባት በር ማንኳኳት አለባችሁ።

የዕድሩ ጡሩንባ ሲነፋ ሰፈሩ ይወጣል። ጥሩወርቅ አትወጣም።

«ሁለታችን ከወጣን ቤቱን ማን ይጠብቃል? ሌባ እኮ ለቅሶ ጠብቆ ነው የሚገባው። አንተ ሂድና የሁለታችንንም ድረስ።»

ወንድይፍራው ይሄዳል። «ጥሩወርቅስ?» ሲሉት «ትንሽ አሟት ነው» ይላል። በሌላው ለቅሶም አሟታል። በሌላውም። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ለሷ ሲል ለመደ። ሴቶቹ ግን ሞኝ አይደሉም፤ «ይሄ ሕመም ጡሩንባ ሲሰማ ብቻ ነው እንዴ የሚነሳባት?» ተባባሉ።

ዕድሩ የቀረ ሰው ይቀጣል። ጥሩወርቅ ቅጣቷን አንድም ቀን ሳታጉረመርም ከፈለች። በመጨረሻ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ባልቻ ራሳቸው መጥተው አንኳኩ። እሷም በቀዳዳዋ አየቻቸው እንጂ አልከፈተችም።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ቅጣት ለመክፈል አይደለም እኮ ዕድር የገባነው። ለቅሶ ብድር ነው።»

«ሌባ ቢገባ እርስዎ ይተኩልኛል ጋሽ ባልቻ?»

«ይግባ! ቢወስድ ዕቃ ነው የሚወስድ።»

«የእርስዎ አልተወሰደም» አለቻቸው።

ጋሽ ባልቻ በቀይ የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እሺ፣ ይሁን። ግን ልጡን እባብ ነው ብሎ ዕድሜ ልክ መሸሽም አለ።


፯

ይህ ቁራጭ እዚህ የለም። ባልና ሚስቱ አብረው የሳቁበት አንድ ከሰዓት ነበር የተጻፈበት። ዘወር ስል ተወስዷል።


፰
በቀዳዳዋ በኩል

ወንድይፍራውን ስትሮክ መታው። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ዋለ፤ አንደበቱም ተኮላተፈ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት ለቅሶ የሚደርስ ሰው ጠፋ።

አንድ ቀን ጠዋት ጡሩንባ ተነፋ። ኮማንደር ጡሩንባ ሲሰማ አብሮ ይጮሃል፤ የሟቹ ስም በሱ ጩኸት ተዋጠ። ጥሩወርቅም ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳዋ አየች። ሁለት ጎረምሶች ናቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገዋል።

«ማነው?»

«እኛ ነን እትዬ። ለፍራሽ ነው።»

«የምን ፍራሽ?»

«ለለቅሶ ቤት። የእትዬ ሸዋዬ የእህት ልጆች ነን።»

«አላውቃችሁም።»

«ከአምቦ ነው የመጣነው፤ እንዴት ያውቁናል? አንድ ብቻ ይስጡን፣ እንግዳው መሬት ላይ ነው ያለው።»

«አሁን አወቅኋችሁ! ዛሬም ፍራሽ? ዛሬም በፍራሽ ልትመጡብኝ?»

ከውስጥ ወንድይፍራው «ክፈቺ! ጥሩ፣ ክፈቺላቸው!» እያለ ይጣራል። ቃሉ ተጎርዶ ነው የሚወጣ፤ እሷ ግን ለምዳዋለች፣ አጥርታ ሰምታዋለች። ኮማንደርን ከጓሮ ፈትታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ለቀቀችባቸው። አንደኛውን እጁን ያዘው። ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ውሻዋን መልሳ፣ በሩን ቀርቅራ ወደ ቤት ገባች። ደስ ብሏት ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ። «ዛሬስ አልተሞኘሁም!» አለችው ባሏን።

ከምሳ በኋላ ከሸዋዬ ግቢ «ፍሬ! ፍሬዬ! እኔን አስቀድሚኝ!» የሚል እሪታ ተሰማ። ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። የሞተችው የሸዋዬ አንዲት ልጅ ፍሬሕይወት ናት፤ በወሊድ። ጎረምሶቹም የእህት ልጆች ናቸው።

አፈረች። አሳፋሪ ነገር ያደረገ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወድቆ እግር መሳም ወይ በሩን ይበልጥ መቆለፍ። ነገ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ አለች።

ነገ።

ነገ።

ድንኳኑ ፈረሰ። ያላለቀሱት ለቅሶ ሲያድር ቂም ይሆናል። ሸዋዬን መንገድ ላይ ስታያት በሌላ ቅያስ መሄድ ጀመረች።


፱
የወንድይፍራው ልመና

የዚያን ዕለት ወንድይፍራው አለቀሰ። በአንድ ዓይኑ፤ ሌላው አልታዘዘውም።

«ልጇ ሞታባት ፍራሽ ከለከልሻት?»

«ሌቦች መስለውኝ ነው። አንተስ ለይተሃቸው ነበር እንዴ? በምን ልለያቸው?»

«እኔስ አልለየሁም። ግን ተሸከምኩላቸው።»

«እኮ! ተሸክመህ አስወሰድከኝ!»

«ይሻላል» አለ ወንድይፍራው። ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለ። «ጥሩዬ፣ ሌባ ተሸክሞ መሳሳት ይሻላል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ካስማ ስመታ የኖርኩት ለምን ይመስልሻል? እኔም አንድ ቀን አለብኝ ብዬ ነው። ሰው እንዳታስቀሪብኝ። ቤቱ በሰው እንዲሞላልኝ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

«አንተ አትሞትም።»

«እሺ፣ አልሞትም። በሩን ግን ክፈችው።»

ራሱን አቅንታ ውሃ አጠጣችው። በሩን አልከፈተችውም። ትወደው ነበር፤ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጥባት እሱ ነበር፤ እሱንም ቆልፋበት ነበር የምትጠብቀው።


፲
ቁልፉ

ሊነጋ ሲል ሞተ። ጥሩወርቅ ኡኡ አለች።

በዚያ ሰፈር አንድ ሰው ኡኡ ካለ ማን ነው፣ ወዳጅ ነው፣ ጠላት ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሁሉም ከየቤቱ ነጠላውን እየጎተተ ሮጠ። በሩ ላይ ደረሱ። ተቆልፏል።

«እትዬ ጥሩወርቅ! ይክፈቱልን!»

ቁልፉ ፍራሹ ሥር ነው። ፍራሹ ላይ ወንድይፍራው ተኝቷል። ትልቅ ሰው ነበር፤ ነፍስ የወጣለት ሰው ደግሞ ይከብዳል። እጇን ከሥሩ ሰደደች፤ አልደረሰችበትም። ገፋ አደረገችው፤ እጁ ተንሸራቶ ከአልጋው ወረደና ፊቷን ነካት። ከዚያ በኋላ ልትገፋው አልቻለችም። ወደ በሩ ሮጣ ብረቱን በመዳፏ እየደበደበች «ቁልፉ ከሱ ሥር ነው! ማን ያንሳልኝ! ማን መሐሉን ይያዝልኝ!» እያለች ጮኸች።

ከወዲያ ሰፈሩ ቆሟል። ከወዲህ እሷ። መሐል ላይ የባንኩ በር። አጥሩን እንዳይዘሉ ጠርሙሱ አለ፤ ኮማንደርም ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደርሷል። ጋሽ ባልቻ በያጁን ከእንቅልፉ አስጠሩት። የገዛ ሥራውን በመጋዝ ሲቆርጥ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ሰዎቹ የገቡት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው።


፲፩
ቀብሩ

ሰው መጣ። ከታች ሰፈርም፣ ከላይ ሰፈርም፣ ወንድይፍራው አንድ ጊዜ ካስማ የመታለት ሁሉ መጣ። መንገዱ ጠበበ። አስከሬኑን ሲያነሱ አንድ ሽማግሌ እየተንሰቀሰቁ ሌሎቹን ገፋ ገፋ አድርገው «መሐሉን እኔ ልያዝ፤ የሱን መሐል ለኔ ተዉልኝ» አሉ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰፈር እሪ አለ።

ጥሩወርቅ ከኋላ ስትከተል ሕዝቡን አየችና «አየህ፣ አልቀሩብህም» አለችው በልቧ። ያን ያህል ሰው ወደ ቤቷ ተመልሶ ሲገባ ታያት። ንፍሮው በትልቁ ድስት ተቀቅሏል። ፍራሾቿን ሁሉ አውጥታ አንጥፋለች፤ ያላት ደግሞ ብዙ ነው፣ ለማንም አላዋሰችውምና።


፲፪
በሩ ላይ

የቀበረ ሰው ወደ ለቅሶ ቤት ይመለሳል። በሩ ላይ እጁን ይታጠባል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቀምሳል። ደንቡ ይሄ ነው።

ሰፈሩ ተመለሰ። በሩ ላይ እጁን ታጠበ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ የመጀመሪያው። ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ።

«እግዜር ያጽናሽ።» ሄደ።

«ያጽናሽ።» ሄደች።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ማንም ደፉን አላለፈም። ተቆርጦ የወለቀው ጓጉንቸር መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ እየተራመዱት አለፉ። ጥሩወርቅ በሩን ይዛ፣ የውስጡን ድንኳን እያሳየች «ግቡ እንጂ፣ ኧረ ግቡ» ትላለች። ዕድሩ ድንኳኑን ተክሎ አግዳሚውን ደርድሯል፤ ደንብ ነው፣ ቅጣቷን ስትከፍል ኖራለች። ሰው እንዲቀመጥበት የሚያስገድድ ደንብ ግን የለም።

ከሁሉም መጨረሻ ሸዋዬ እጇን ታጠበች።

«ሸዋዬ፣ አንቺም አትገቢም?»

ሸዋዬ እጇን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ዓይኗ አብጧል፤ ለወንድይፍራው ከልቧ ነው ያለቀሰችው።

«የወንድይፍራው ብድር ነበረብኝ፤ ከፈልኩ» አለች። «ያንቺ የለብኝም።»

በቁጣ አይደለም ያለችው። ብትቆጣ ይሻል ነበር።


፲፫
ለቅሶ ቤት

አግዳሚ።

አግዳሚ።

አግዳሚ።

ጥሩወርቅ።


፲፬
ቤትዎን ለመክፈት

በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱት። ነፋስ እንዳይመልሰው ድንጋይ ያስደግፉት። ድንጋይ ካጡ፣ የዱሮዋን ድንጋይ ወንዝ ውስጥ እንደጣሏት ያስታውሱ።

ይክፈቱ።

በቀይ የተጻፈውን በውሃና በሳሙና ይፈግፍጉት። አይለቅም። ነጠላ ይጋርዱበት።

ይክፈቱ።

ኮማንደርን ጓሮ ይሰሩትና ሥጋ ይስጡት። እሱ ምን አደረገ፣ የተባለውን ነው ያደረገው።

ይክፈቱ።

በመንገድ የሚያልፈውን ኮቴ ያዳምጡ። በሩ ጋ ሲደርስ ይፈጥናል። ንፍሮውን ያሙቁት። በርዶ ሲያገኙት እንደገና ያሙቁት። ሌባ እንኳ ለቅሶ ጠብቆ ነው የሚገባው ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? እንግዲህ ለቅሶም አለ፣ በሩም ክፍት ነው። አንድ ሌባ እንኳ ይጥፋ!

«ሰው እንዳታስቀሪብኝ» ነበር ያለው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመናት።


፲፭
ሣልስት

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ለመንቀል ገና ሳይመጡ፣ በተከፈተው በር ሁለት ጎረምሶች ገቡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገዋል።

ጥሩወርቅ ብድግ አለች። ማነው አላለችም። ከየት መጣችሁ አላለችም። አፏ ላይ የመጣላት አንድ ቃል ነው።

«ግቡ!»

ገቡ። «እግዜር ያጽናዎት እትዬ» አሏት፤ ደፉን አልፈው ገብተው ይህን ያሏት እነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው። ንፍሮውን በሰፌድ አቀረበችላቸው። «ቅመሱ ልጆቼ፣ ትኩስ ነው፣ አሁን ነው ያሞቅሁት» አለች። ጭብጥ ጭብጥ ዘግነው ቃሙ። አንደኛው በቀኙ ነው የሚቀምሰው፤ ግራ እጁን ከነጠላው ሥር አላወጣም።

እሷም ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ስለ ወንድይፍራው ነገረቻቸው። ካስማ እንዴት እንደሚመታ። እንዴት እንደሚስቅ። ሌባ ፍራሿን ሲያወጣ መሐሉን እንዴት እንደያዘ። ይህን ስትናገር መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ነገር ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ። ጎረምሶቹ ተያዩ። አልሳቁም።

እነማን ናቸው? ኮማንደርን የለቀቀችባቸው የሸዋዬ የእህት ልጆች? ወይስ ወንድይፍራው የተሸከመላቸው? ወይስ ሌሎች፣ የተከፈተ በር ያዩ? ጥሩወርቅ ሁሉንም አስባዋለች። ግን ያኔ የሰረቋትን በዓይኗ አላየችም፤ በቀዳዳ ካየቻቸው ሰዎችም የአንዳቸውንም ፊት አታስታውስም፤ የምታስታውሰው ነጠላቸውን ነው።

ንፍሮውን ጨርሰው ተነሱ። አንደኛው ወደ ተነጠፉት ፍራሾች ተመለከተ።

«እትዬ፣ ሣልስቱም ደርሷል። ፍራሹን እናንሳልዎት?»

ሣልስት ላይ የጎረቤት ፍራሽ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ጥሩወርቅ ግን የተዋሰችው ፍራሽ የለም፤ ማንም አላዋሳትም። እዚያ የተነጠፈው ሁሉ የራሷ ነው፤ ከቤቷ ወጥቶ የሚመለስበት ሌላ ቤት የለም። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ጎረምሶቹን አየቻቸው። በሩን አየችው፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከፍራሾቹ በአንዱ መሐል ላይ ወንድይፍራው የተኛበት ጉድጓድ አሁንም አለ።

እኔ ከዚህ በላይ አልገባም። ቁልፉን ድንጋይዋ ትኖርበት ከነበረው ቦታ አስቀምጬላችኋለሁ፤ መልሷን እናንተ አውጡት።

ጥሩወርቅ፦

«                                                  »